ስምንት ቀይ ነጥብ

ውድ አባባ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። በመጀመሪያው ላይ ስምህን ብቻ ጻፍኩ፤ የማላውቀው ሰው ስም መሰለኝ። በሁለተኛው ላይ ደንበኞች የሚጠሩህን ጻፍኩ፤ «ወርቅ ጣት»። ሳቄ መጣ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ስለዚህ ውድ አባባ ይሁን።

እሁድ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የጋራዡ በር ተዘግቷል። የምጽፍልህ በራስህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በዚያ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን ባስተካከልከው። አልተስተካከለም። ስንት ዓመት ሙሉ ካርቶኑን እያየህ «ይኸው ቀጥ አለ» ትል ነበር። ጠረጴዛው ይኸው አሁንም በየቃሉ ይወዛወዛል።

ማክሰኞ ዕለት አክስቴ ደወለች። አንተ እሷ ዘንድ ለማረፍ ከሄድክ ሦስተኛ ወርህ ነው። ሻይ ስትቀዳ የፈላው ውሃ እጅህ ላይ መፍሰሱን፣ አንተም ወሬህን ሳታቋርጥ መቀጠልህን፣ እሷ ጮኻ ሐኪም ቤት እንደወሰደችህ ነገረችኝ። ሐኪሙ ዓይንህን አስጨፍኖ የጣቶችህን ጫፍ በመርፌ ይነካካ ነበር አሉ። «ይሰማዎታል?» ሲልህ «አዎ»። «አሁንስ?» ሲልህ «አዎ፣ በደንብ»። በመጨረሻ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ጠየቀህ። «አዎ» አልክ።

እንዲያ ተያዝክ። አክስቴ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። እንዳትሰማኝ ነው፤ ምኔን እንደሆነ እንጃ።

ሐኪሙ ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፣ ዓመታት አስቆጥሯል ብሏል። አክስቴም «አንተ ታውቅ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ከዚያ ስልኩን ተቀበልካት። ስለ እጅህ አላወራህም፤ እንዴት ነህ ብለህም አልጠየቅከኝም። አንድ ነገር ብቻ፦

«ለሚዛኔ እንዳትነግራት።»

ሚዛኔ! አራት ዓመት ሙሉ ከአፍህ ያልወጣ ስም። ለመደበቅ ስትፈልግ ትዝ አለህ።

*

ይህ ደብዳቤ መልሴ ነው። ግን ከመልሱ በፊት የምጽፈው አለኝ። አንተ ማዳመጥ አትወድም፤ ሞተር ካልሆነ በስተቀር። ሞተርንም የምታዳምጠው ዝም እስኪል ነው።

እህቴን ሚዛኔ ያልካት ትንሽ እያለች ነው። ዓይኗን በመሃረብ አስረህ ሁለት የብሎን ዳዶ በሁለት እጇ ታስይዛታለህ፤ የትኛው እንደሚከብድ ትነግርሃለች። በአንድ ጥርስ ብቻ የሚለያዩ ዳዶዎች። ለደንበኛ ታሳያት ነበር፤ እንደ ሰለጠነች ዝንጀሮ። አሁን ሳስበው በእሷ ኮርተህ አታውቅም፤ ይሄ ጣት ከማን ጣት እንደመጣ ሰው እንዲያይልህ ነበር። እሷ ግን ወደደችው። በሁለት ዓመት ነው የምትበልጠኝ፤ በእጅ ግን በሃያ ዓመት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ የእኔ ሥራ የሞተሩን አፍንጫ፣ ከፊት ያለውን ትልቅ ብሎን፣ በትልቁ መፍቻ ይዤ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቁም» ስባል ማዞርና መቆም ነበር።

ቀናሁባት? አዎ። ይህን መስመር ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት።

*

አሁን የራስህን ሥራ ላስረዳህ። አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፤ ከዚህ ሩቅ ነህ።

የሞተሩን የአየርና የጭስ በር፣ ቫልቩን፣ የሚጫነው ሮከሩ ነው። ሮከሩን የሚገፋው ዘንጉ ነው። ዘንጉ የቆመው ፑንተሪያው ላይ ነው። ፑንተሪያው ደግሞ እኛ ዘንድ የሚመጡት ሞተሮች ውስጥ ደረቅ ብረት አይደለም፤ ሆዱ ውስጥ ስፕሪንግና ዘይት አለ፤ ሲጫኑት ይሰምጣል። አንተ ያልተቀበልከው ይቺን ነው። አንተ በልጅነትህ የተማርክበት ሞተር ፑንተሪያው ደረቅ ነበር፤ ብረት ብረትን ሲነካ ለማንም ጣት ይናገራል። ይሄኛው ግን በሹክሹክታ ነው የሚናገረው።

እህቴ እንዲህ ታደርግ ነበር። ቫልቩ ጨርሶ የተዘጋበት ቦታ ላይ ታስቆመኛለች። ሮከሩ ላይ ያለችውን ዳዶ ዘንጉ እስኪንቀጫቀጭ ታላላለች። ከዚያ ቀስ እያለች እያጠበቀች ዘንጉን በሁለት ጣቷ ወደ ላይና ወደ ታች ትነካካዋለች። አታሽከረክረውም። ልክ መንቀጫቀጩ ሲጠፋ ትቆማለች። ያ ዜሮ ነው። እዚያ ላይ ከደረት ኪሷ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አውጥታ በዳዶዋ ጎን፣ ወደ ራዲያተሩ በኩል፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ታደርጋለች። ከዚያ ግማሽ ዙር ታጠብቃለች፤ ነጥቧ ወደ ሾፌሩ ትዞራለች። አለቀ። ፑንተሪያው ትንሽ ሰምጦ፣ ለመውረድም ለመውጣትም ቦታ ተርፎት ይቀመጣል። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ስምንቱም ነጥቦች ወደ ሾፌሩ ያያሉ። ክፍል ውስጥ ወደ መምህር እንደዞሩ ተማሪዎች።

«ሞተር ነው የምትሠሪው ወይስ ሙሽራ?» ትላት ነበር። ግቢያችን ውስጥ የሚሠራው በያጅ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እሷም፣ ቀለሙን እፍ እያለች።

አንተስ? አንተ ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ ይዘህ ታሽከረክራለህ፤ «እምቢ እስኪል» እያልክ ታጠብቃለህ። እምቢ ሲል ግን ፑንተሪያው ሰምጦ አልቋል። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ይገፋዋል፤ መሄጃ ስለሌለው ቫልቩን ከመቀመጫው ያነሳዋል። ቫልቩ አይገጥምም። እሳቱ በቀጭኗ ክፍተት እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለም። ዝም ነው። አንተም ክንድህን አጣምረህ «ዝም ያለ ሞተር ጤነኛ ሞተር ነው» ትላለህ፤ ሰው ይጽፍልህ ይመስል።

*

የዳቦ አመላላሹ ቀን፤ ከአራት ዓመት በፊት።

ሰውዬው ግቢው ውስጥ ቆሟል። የመኪናውን ሞተር እህቴ ከላይ እስከ ታች ፈታ ገጥማዋለች፤ ብቻዋን። አስነሳችው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ። አዲስ የተገጠመ ሁሉ እንደሚለው፤ ዘይቱ ገና እስኪደርስለት። እሷ ፈገግ ብላ «አባባ፣ አስር ሰከንድ ጠብቅ፤ ዘይቱ እየወጣ ነው» አለችህ።

አራት ሰከንድ ቆየህ። ቆጥሬአለሁ፤ ስጨነቅ እቆጥራለሁ፣ ታውቃለህ። በአራተኛው ላይ አጠፋኸው። ዳቦ አመላላሹ ፊቱን ስላኮሳተረ ነው። ያ ብቻ። አንድ ሰው ፊቱን ስላኮሳተረ።

የክዳኑ ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮን፣ ጎድሏል ብለህ ከተማው ዳር ድረስ ላክሃት። አልጎደለም፤ መደርደሪያው ላይ ሁለት ነበር። እሷ ከበሩ እንደወጣች «ና አዙርልኝ» አልከኝ።

አዞርኩልህ።

አምፖሉን እኔ ስለያዝኩ ሁሉን አይቻለሁ። ዘንጉ በዘይት ተነክሯል። ጣቶችህ ላዩ ላይ ይሽከረከራሉ። ዘንጉ ግን ቆሟል፣ አባባ። ቆሟል! የሚዞረው ጣትህ ነው፤ በዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ። አንተ የራስህን መንሸራተት የዘንጉ መዞር መስሎህ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያልክ ዳዶውን ትጨምራለህ። አንዱን ግማሽ ዙር ጨመርክለት፤ አንዱን አንድ ሙሉ፤ አንዱን የት እንዳደረስከው እግዜር ይወቅ። ቀዩዋ ነጥብ በፊቴ እየዞረች ታልፋለች። ለመናገር አፌን ከፈትኩ። «ምን አፍህን ትከፍታለህ፣ ብርሃኑን አቅርብ» አልከኝ።

አቀረብኩ። የአምፖሉ ቆርቆሮ ትንሿ ጣትህን ነካት። አላነሳሃትም። ቆዳ ሲቃጠል ሸተተኝ። አንተም ሸተተህ፤ አፍንጫህ ደህና ነበር። «ምንድነው የሚሸተው፣ ዘይት ነው?» አልክ።

«ዘይት ነው» አልኩህ።

የመጀመሪያ ውሸቴ ይቺ ናት። ያኔ አወቅሁ፣ አባባ። አንተ ግን ከዚያ ቀደም ብለህ ታውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሸሚዝህን አዝራር እህቴ ስትቆልፍልህ «ቀዳዳው ጠቦ ነው እንጂ» ትላት አልነበር? ሁሉም ሸሚዝ ጠቦብህ ነበር እንዴ?

ሞተሩ ተነሳ። ዝም አለ። ዳቦ አመላላሹ ጆሮውን አስጠግቶ «ድመት አስገባችሁበት እንዴ?» አለ። ሳቃችሁ። እህቴ ጋርኒሲዮኑን ይዛ ስትመለስ ዝምታውን ሰምታ ፊቷ በራ። «አላልኩህም? ዘይቱ እስኪወጣ ነው» አለችህ። አንተም «እሺ፣ አንቺ አሸነፍሽ» አልካት። በዚያ ሰዓት እንኳ እውነቱን መናገር አልሆነልህም፤ ማሸነፏንም በውሸት ሰጠሃት።

*

ከሰባት ሳምንት በኋላ ዳቦ የጫነው መኪና ዳገቱ መሃል ላይ አቅም አጣ። ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ግንቡ፤ ከዚያ የሰውዬው እግር። ይህን ታውቀዋለህ። የማታውቀው ይመስል ግን ልጻፈው፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እህቴ ሐኪም ቤት ሰውዬው ራስጌ ተቀምጣ ነበር። አንተና እኔ ሞተሩን ጋራዥ ውስጥ ከፈትነው። ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስምንት ነጥብ። ስምንት አቅጣጫ። አንዷ ወደ ራዲያተሩ፣ አንዷ ወደ ባትሪው፣ አንዷ ወደ ግድግዳው፣ አንዷ ወደ እኔ። መምህሩ የወጣበት ክፍል።

አየሃቸው። አንተን አየሁህ ስታያቸው። ከዚያ የጨርቁን ቦታ በአገጭህ አሳየኸኝና አንድ ቃል ተናገርክ።

«ጥረገው።»

ዘይት የጥፍር ቀለም አይነካም። ቤንዚንም አይነካም። በቲነር ነው የጠረግሁት፤ አንድ በአንድ፣ ጨርቁን ጥፍሬ ላይ ጠምጥሜ። ሥራውን በደንብ ሠራሁት። ከሠራሁልህ ሥራ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ በበያጁና በመኪና ቀለም ቀቢው ፊት አቆምካት። ቫልቮቹ ተበልተዋል አልካት። «እጅሽ ለዚህ አልተፈጠረም» አልካት። እጇን አየች። ገልብጣ ደግሞ መዳፏን አየች፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚያይ። ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቀችህ፦ «ነጥቦቹስ አባባ? ወደ ሾፌሩ አልነበሩም?»

አንተ ወደ እኔ ዞርክ። የእኔ ተራ ነበር፤ አዙር ስባል አዞራለሁ።

«ነጥብ የለም» አልኩ። «ዘይት አጥቦት ይሆናል።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። አይጡ አንተ ብትሆን እኔ ምንድነኝ? ስም አላገኘሁለትም።

*

ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገርህ፤ ይሄን እንኳ በእርግጥ አታውቀውም።

እህቴ በማግስቱ የሥራ ልብሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ አስረከበችህ። ክርና አዝራር የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጠረች። አንተ ሸሚዝ መልበስ ተውክ። ሹራብ፣ በጋም ክረምትም ሹራብ። ሰው «አይሞቅዎትም ጋሼ?» ሲልህ «ዕድሜ ነው» ትላለህ። እኔ ደግሞ መፍቻውን ወረስኩ። የምፈልገው ይሄን ነበር? ምናልባት። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ አንተ ትናንት የጨረስከውን ሞተር ሁሉ ክዳኑን እየከፈትኩ፣ ያጠበቅከውን እየፈታሁ፣ እንደ እሷ እየነካካሁ፣ ግማሽ ዙር እየሰጠሁ መልሼ እዘጋ ነበር። አራት ዓመት። እጄ እንደ እሷ አይደለም፤ እሷ በአንዴ የምትሰማውን እኔ በሦስተኛው ነው የምሰማው። ግን ይሰማኛል።

አንተ ምን አልክ? ክንድህን አጣምረህ ለደንበኛው ሁሉ «እሷ ከወጣች ወዲህ አንድ ሞተር አልተመለሰብኝም» አልክ። በእሷ ላይ ያቀረብከው ትልቁ ማስረጃ ይሄ ነበር። ማስረጃውን ያመረትኩልህ እኔ ነኝ። አንተን ባዳንኩ ቁጥር እሷን መልሼ ፈረድኩባት። ይህን ስረዳ አንድ ጠዋት ክዳን ይዤ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ዘጋሁት። በነገታውም ሌላ ከፈትኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የአንተ ጆሮ ላንተ ባዳ ነው፤ ጣትህም ባዳ ሆነ። ምን ቀረህ? ስም።

ልራራልህ ቃጥቶኝ ነበር። ሥራውን የሚያውቀው በጣቱ ብቻ የሆነ ሰው ጣቱ ሲሞት ምን ይሆናል፣ ማን እባላለሁ ብሎ ይፈራል፣ እያልኩ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ፈርተህ ነበር፤ እሺ። ሁላችንም ፈርተን ነበር። ፍርሃትህን ግን በልጅህ እጅ ላይ አልብሰህ ከቤት አስወጣኸው።

*

ረቡዕ ወደ አዝራሩ ሱቅ ሄድኩ።

ሪባን እየለካች ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። እኔ ያዝኩ። ገዢዎቹ ሲወጡ ስለ ውሃውና ስለ መርፌው ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እጁ ምን ሆነ? ቁስሉ ያመረቅዛል?» ብላ ነው። የናቅሁት አንተን እንጂ እሷን አይደለም፤ ግን በዚያች ቅጽበት ተናደድኩባት።

ከዚያ ስለ ጋርኒሲዮኑ ነገርኳት። ስለ አራቱ ሰከንድ። ስለ ጣትህ መንሸራተት። እሷ አንድ ሣጥን አዝራር ባንኮኒው ላይ ዘርግፋ ሳታይ በጣቷ ብቻ ትለያቸው ነበር፤ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለ አራቱን ለብቻ። አላቋረጠችም። ስለ ነጥቦቹ አቅጣጫ ስነግራት አቆመች።

«ማን ጠረጋቸው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በቲነር፣ እታለም።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ሁለት አዝራሮች ከተሳሳተው ክምር አውጥታ ወደ ቦታቸው መለሰች።

«ዘይት እንደማያጥበው አውቅ ነበር» አለች። «ሞክሬው አውቃለሁ። ግን አንተ ስትለኝ ጊዜ አንተን አምኜ እጄን ካድኩት።»

ይቅርታ ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ትንሽ መሰለኝ፤ ዋጥኩት። እሷም አልጠበቀችም። ዳቦ አመላላሹን ቅዳሜ ጥራው፣ እኔ ፊት ንገረው፣ ከዚያ በፊት መኪናውን አልነካም አለችኝ። መኪናውን እንድትነካ እኮ አልጠየቅኋትም ነበር። እሷ ናት የወሰነችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ያው መኪና፣ ያው ሰውዬ፤ ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ነገርኩት። ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ከመጀመሪያው እስከ ቲነሩ።

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝ በተሻለኝ። ወደ እኔ አላየም። ለእህቴ ነው የተናገረው፦ «አራት ዓመት ሙሉ እኮ በሱቅሽ በር ሳልፍ መንገድ እሻገራለሁ። እንዳላይሽ። በዚህ እግሬ!»

«አይህ ነበር» አለችው። «እኔም ወደ ውስጥ እገባ ነበር።»

ከዚያ እጇን ታጠበች። ለብዙ ጊዜ። ክዳኑን ከፈትን። እኔ መፍቻውን ይዤ አዞርኩ፤ «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቁም»። የመጀመሪያው ዘንግ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አላላች፣ ጀመረች፣ ተወች። እንደገና። በሦስተኛው ዓይኗን ጨፈነች። ዜሮው ላይ ስትደርስ እኔም አወቅሁ፤ ትከሻዋ ወረደ። ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች። ያው ቀይ። አራት ዓመት ከእሷ ጋር ነበር ማለት ነው፤ ወይ ሌላ ገዝታለች። አልጠየቅኋትም።

ስምንቱን ጨርሳ ክዳኑን ዘጋችና አስነሳችው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ዳቦ አመላላሹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እጁ ሳያውቀው ጭኑ ላይ አረፈ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት። አራት። በአራት ላይ እጄ ወደ ማጥፊያው ተዘረጋ፣ አባባ። አላዘዝኩትም። ያንተ እጅ ነበር፤ እኔ ትከሻ ላይ የበቀለ።

«ተው» አለችኝ፤ ሳትዞር።

አምስት። ስድስት። ሰባት። አንዱ ፑንተሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁለተኛው፤ ከዚያ ሌሎቹ። በዘጠኝ ላይ የሞተሩ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ዘጠኝ ሰከንድ። አንተ አምስት ሰከንድ ብቻ ብትጨምር ኖሮ ይህ ሰውዬ ይሮጥ ነበር።

አጥፍታ ክዳኑን እንደገና አስከፈተችኝ። ስምንት ቀይ ነጥብ፤ ስምንቱም ወደ ሾፌሩ። ከመደርደሪያው ጨርቅ አነሳች፣ የቲነሩን ጠርሙስ አነሳች፣ ሁለቱንም እጄ ላይ አኖረች።

«ጥረገው» አለችኝ። «ትችልበት የለ?»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን እሸከመው ነበር። ንቀት ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ንጹሕ፣ ላንተ እያጠራቀምኩ የኖርኩት ዓይነት። ለካ ለእኔ የሚበቃም አለ። ቆምኩ። ቲነሩ ይሸታል። ዳቦ አመላላሹ ያየኛል። እጄ አልተነሳም።

«እንግዲያው ዝጋው» አለች።

ዘጋሁት።

*

ስለዚህ መልሴ ይኸው። ነግሬአታለሁ።

ነገ ሰኞ ሱቁን ትሰናበታለች፤ ማክሰኞ እዚህ ትገባለች። የምታዘው እሷ ናት። እኔ አዞራለሁ። ለበያጁና ለቀለም ቀቢው ማክሰኞ ጠዋት እኔው እነግራቸዋለሁ፤ አንተ ባቆምካት ቦታ ቆሜ። ደንበኛ «ወርቅ ጣት የታለ?» ካለም እኔ ነኝ የምመልሰው፤ እንዲህ ነው የተዋዋልነው። ስምህ የተጻፈበት ሰሌዳ በሩ ላይ እንዳለ ነው። ላወርደው መሰላል ሳቀርብ ከልክላኛለች፤ ራሱ መጥቶ ያውርደው ብላለች። መሰላሉን ግድግዳው ላይ ደግፌ ትቼልሃለሁ።

በወሩ መጨረሻ እንደምትመጣ አክስቴ ነግራኛለች። ና። ለእሷ የምትለውን በእኔ በኩል አትላክ፤ ያንን ሥራ ለቅቄአለሁ። በስልክም አይሁን። ሞተር አጥፍተን፣ በሩን ዘግተን እንጠብቅሃለን፤ ለመናገር አስር ሰከንድም አስር ዓመትም ቢፈጅብህ እሷ መጠበቅ ታውቅበታለች።

ሹራብህን ግን እዚያው ተወው። ሸሚዝ ለብሰህ ና፤ እስከ አንገቱ አዝራር ያለውን፣ እሷ የምታውቀውን ነጩን። አዝራሩን ማን እንደሚቆልፍልህ አላውቅም። ክፍቱን ና።

ሞተሩን ያዞርኩልህ፣
ልጅህ